ሽፕ እና ሺፕ

ገላን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ማታ ጮክ ተብሎ የሚነበብ ነገር ሁሉ የጋራ ነው። ግድግዳው ብሎኬት ስለሆነ ድምፅ አይዝም፤ አንድ የኬጂ ተማሪ የቤት ሥራውን ሲያነበንብ ደረጃው በሙሉ አብሮት ይማራል። «ኤ ፎር አፕል፣ ቢ ፎር ቦል፣ ሲ ፎር ካት።» አፕልን በሥዕል እንጂ በእጁ ይዞ የማያውቅ ልጅ ሊሆን ይችላል። እናቱ ከፋብሪካ በሰርቪስ ተመልሳ ጫማዋን እያወለቀች «ጎበዝ የኔ ልጅ!» ትለዋለች። ያነበበው ልክ ይሁን ስህተት የምታውቅበት መንገድ የላትም፤ የወር ክፍያውን ግን ጠንቅቃ ታውቃለች።

በዚሁ ብሎክ አንዲት እጩ መምህርት ትኖራለች እንበል። ስም አላወጣላትም፣ አንድ ሰው አይደለችምና። በኮተቤም ሆነ በየክልሉ ኮሌጅ ሠልጥነው እንግሊዝኛ ሊያስተምሩ የሚወጡትን ሁሉ እንድትወክልልኝ የፈጠርኳት ናት። ጠዋት ገና ጎህ ሳይቀድ ወጥታ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከዚያ በባቡር፣ ከዚያ እንደገና በታክሲ ከተማዋን ከደቡብ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ታቋርጣለች። ዛሬ ማታ የነገውን ማይክሮ ቲቺንግ እየተዘጋጀች ነው። የክፍል ጓደኞቿ እንደ ሕፃናት ተቀምጠው እሷ ለጥቂት ደቂቃ የምታስተምርበት ልምምድ ነው። ሌሰን ፕላኑ ሰንጠረዥ አለው፤ ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ጊዜ፣ የመርጃ መሣሪያ። ሰንጠረዡን በማስመሪያ አስምራዋለች። መርጃ መሣሪያዎቹን በካርቶን ላይ ራሷ ስላቸዋለች፤ አንዱ መርከብ ነው፣ ሌላው በግ።

በማግስቱ መርከቡን ታነሳና «ዚስ ኢዝ ኤ ሺፕ» ትላለች። በጉን ታነሳና «ዚስ ኢዝ ኤ ሺፕ» ትላለች። ጓደኞቿ ሁለቱንም በኅብረት ይደግማሉ፤ የሚስቅ የለም። ከኋላ የተቀመጡት አሠልጣኝ ስለ ሰሌዳ አጠቃቀሟ፣ ስለ ጊዜ አያያዟ፣ ተማሪዎቿን ስለማሳተፏ በቅጹ ላይ ነጥብ ይሰጣሉ። ጥሩ ነጥብ ነው፤ ይገባታልም። ስለ በጉ ግን ቅጹ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ በግ ነው።

አማርኛ ሰባት አናባቢዎች አሉት፤ ከግእዝ እስከ ሳብዕ ልጅ ሆነን የቆጠርናቸው። እንግሊዝኛ እንደ ተናጋሪው አገር ቢለያይም ወደ ሃያ የሚጠጉ አናባቢ ድምፆች አሉት። እንግዲህ ሃያ እንግዳ መጥቶ ቤታችን ሰባት መኝታ ብቻ ነው ያለው። ጆሯችን ሁለቱን ሦስቱን በአንድ አልጋ ያስተኛቸዋል። በግ የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አናባቢው ጠበቅና ረዘም ያለ ነው፤ ከኛ ሳልስ ጋር ይስማማል። መርከብ የሚለው ደግሞ አጠር፣ ላላ ያለና በኛ ሳልስና ሳድስ መካከል የሚውል ነው። የዚህን ምዕራፍ ርእስ ስጽፍ መርከቡን በሳድስ «ሽፕ»፣ በጉን በሳልስ «ሺፕ» ያልኩት ለመለየት ያህል እንጂ የኛ ሳድስም በትክክል አይገጥመውም። የአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ግን ሁለቱንም ሳልስ ውስጥ ያስገባቸዋል። ጆሮ ያልለየውን አፍ ሊለየው አይችልም። እጩ መምህርቷን «በትክክል ጥሪው» ብሎ መቆጣት ዕውርን «ቀዩን ክር አንሳ» እንደማለት ነው፤ መጀመሪያ ማየት አለበት።

በአማርኛ የማይገኙትን ድምፆችም ሁላችንም እናውቃቸዋለን። አያቶቻችን «ቦሊስ» እና «ቴሌብዥን» ይሉ የነበረው «ፕ» እና «ቭ» በአማርኛ ቤት ባዕድ ስለነበሩ ነው፤ «ቨ» የተባለው ፊደላችንም ለባዕድ ቃል ሲባል የተጨመረ ነው። ምላስን በጥርስ መካከል አውጥተው የሚሏቸው ሁለቱ የእንግሊዝኛ ድምፆች በፊደላችን ውስጥ ቦታ ስለሌላቸው አንዱን «ዝ» ሌላውን «ስ» እያልን እናልፋለን። በሌላ በኩል «ች»፣ «ጅ»፣ «ሽ»፣ «ዥ» ለስንት ሕዝብ ፈተና ሲሆኑ ለኛ እንደ ውሃ ናቸው። ከሁሉ የሚገርመኝ ደግሞ ይህ ነው፦ በእንግሊዝኛ በብዛት የሚሰማው አናባቢ፣ ያ አፍን ሳያስከፍት የሚያልፈው ደካማ ድምፅ፣ ከኛ ግእዝ፣ ከ«ለ» እና ከ«በ» አናባቢ፣ ብዙም አይርቅም። ድምፁ በቤታችን አለ። ግን የእንግሊዝኛው ጽሕፈት አንዴ በኤ፣ አንዴ በኢ፣ አንዴ በኦ ስለሚጽፈው ዓይናችን ጆሯችንን ያሳስተዋል፤ የተጻፈውን ፊደል ሁሉ አሟልተን በእኩል ጉልበት እንጠራለን።

ገላን ላይ ነገሩ አንድ እርከን ይጨምራል። እዚያ አንድ ክፍል ውስጥ አማርኛ አፉን የፈታበት ልጅና አፋን ኦሮሞ አፉን የፈታበት ልጅ በአንድ ዴስክ ሊቀመጡ ይችላሉ። አፋን ኦሮሞ አጭርና ረጅም አናባቢን በትርጉም ይለያል። «ላፋ» አናባቢዎቹ ሲያጥሩ መሬት ነው፣ ሲረዝሙ ደግሞ ለስላሳ ማለት ነው። ስለዚህ ያ ልጅ የአናባቢን ርዝመት የሚለይ ጆሮ ከእናቱ ቤት ይዞ መጥቷል፤ መርከቡንና በጉን ለመለየት ከጎረቤቱ አንድ እርምጃ ይቀድማል። በአንጻሩ «ዝ» ለቋንቋው ነባር ድምፅ ስላልሆነ እዚያ ላይ ጎረቤቱ ይቀድመዋል።

በቁቤ ማንበብ የጀመረ ከሆነ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ቁቤ የላቲን ፊደላትን ወስዶ ለራሱ ድምፆች አዋላቸው፤ ሲ የሚባለው ፊደል «ጭ» ሆነ፣ ኤክስ «ጥ» ሆነ። ልጁ የድመቷን ሥዕል ሳያይ ከሥሯ የተጻፈውን ሦስት ፊደል ብቻ ቢያነብ ወደ «ጫት» የሚጠጋ ነገር ይወጣዋል። ሳጥን የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ቦጥ» ይለዋል። ይህንን ሰምታ «አይገባውም» የምትል መምህርት ተሳስታለች፤ ልጁ የተማረውን ሕግ ሳያዛንፍ ነው የተጠቀመው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር።

የአሜሪካው ሮበርት ላዶ እ.ኤ.አ. በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ የተማሪን ችግር አስቀድሞ ለማወቅ የልጁን ቋንቋና የሚማረውን ቋንቋ ጎን ለጎን አስቀምጦ ማነጻጸር ያስፈልጋል ብሎ ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ እንግሊዛዊው ፒት ኮርደር ነገሩን ገለበጠው። በ1967 ባወጣው ጽሑፍ ስህተትን አስቀድመህ ከመተንበይ ይልቅ የሠራውን ስህተት አንብብ፤ ተማሪው በውስጡ የራሱን ሥርዓት እየገነባ መሆኑን ስህተቱ ይነግርሃል አለ። ዛሬ የዘርፉ ምሁራን ሁለቱንም በከፊል ነው የሚቀበሉት፤ ሁሉም ስህተት ከአፍ መፍቻ ቋንቋ አይመጣም። ቢሆንም ለኛ አገር እጩ መምህር ከብዙ የማስተማር ስልት ዝርዝር ይልቅ እነዚህ ሁለት ሐሳቦች ይበልጥ ይጠቅሙታል ብዬ አምናለሁ።

ምሳሌው ሩቅ አይደለም። አንድ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ «አይ ዲድንት ዌንት» ሲል መምህሩ በቀይ ያሰምርበትና «ጎ» ብሎ ይጽፍበታል። በሚቀጥለው ሳምንት ልጁ ያንኑ ይደግማል። ለምን? «አልሄድኩም» የሚለውን ፈታ አድርጋችሁ እዩት፦ «ሄድኩ» በመሐል ኀላፊ ጊዜውን እንደያዘ ቁጭ ብሏል፤ ከፊቱ «አል» ከኋላው «ም» ተደረቡበት እንጂ ግሡ ራሱ አልተነካም። ልጁም በእንግሊዝኛ እንዲሁ አደረገ፤ አፍራሹን ከፊት ደረበ፣ ግሡን በኀላፊ ጊዜው ተወው። «አይ አም ቶል ፍሮም ማይ ብራዘር» የሚለውም እንዲሁ ነው፤ «ከወንድሜ እረዝማለሁ» ውስጥ ያለው «ከ» እና «ከገላን መጣሁ» ውስጥ ያለው «ከ» ለኛ አንድ ናቸው። ይህን ለተማሪው በሦስት ደቂቃ በራሱ ቋንቋ ማሳየት ይቻላል፤ ግን የምታሳየው መምህርት መጀመሪያ ራሷ አማርኛን ከውጭ ሆና አይታው መሆን አለባት። የአምሳሉ አክሊሉ የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት በየተማሪው ቤት ገብቷል፤ የባዬ ይማም የአማርኛ ሰዋስው ግን በእንግሊዝኛ መምህራን እጅ ብዙም አይታይም። የአማርኛው ትምህርት ክፍልና የእንግሊዝኛው ትምህርት ክፍል በአንድ ግቢ እየኖሩ ቡና የማይጠራሩ ጎረቤቶች ናቸው።

እዚህ እንዴት ደረስን? እንግሊዝኛ በአገራችን ትምህርት ቤት ገዢ የሆነው ከብዙዎች ግምት ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም ሆነ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በነበሩበት ዘመን የተከበረው የውጭ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ጣልያን ከወጣ በኋላ በ1933 ዓ.ም. እንግሊዞች አብረው ስለገቡ ሚዛኑ ተቀየረ፤ መጽሐፉም መምህሩም ፈተናውም እንግሊዝኛ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1944 አዲስ አበባ ላይ የተጀመረውና በኋላ ወደ ሐረር የሄደው የመምህራን ማሠልጠኛ፣ ቀጥሎ የተነሡት እነ ደብረ ብርሃን፣ በ1950ዎቹ የተጀመረው የዛሬው ኮተቤ፣ ከዚያም የባሕር ዳሩ የፔዳጎጂ አካዳሚ ሁሉ የተወለዱት በዚህ በተቀየረ ሚዛን ላይ ነው።

በመስከረም 1955 ዓ.ም. ከ270 በላይ የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች በአንድ ጊዜ አገር ገቡ። አብዛኞቹ በየክፍለ አገሩ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኑ። «ፒስ ኮር ነው ያስተማረኝ» የሚሉ አባቶች እንግሊዝኛቸው አሁንም ይለያል፤ ሲናገሩ የሰሙት ቋንቋ እንጂ ያነበቡት ሰዋስው አይመስልም። ይህን ስል ያ ዘመን ይመለስ ማለቴ አይደለም። ያኔ ሁለተኛ ደረጃ የሚደርሰው ልጅ ጥቂት ነበር፣ ክፍሉም ቀለል ያለ ነበር። ለጥቂቶች ጥሩ ጆሮ መስጠት ለሚሊዮኖች ከመስጠት ይቀላል።

ሚሊዮኖቹ የመጡት ከ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በኋላ ነው። ፖሊሲው ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ፈቀደ፤ ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ሰነድ ግን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ ተወሰነ። ይህን ውሳኔ ቀስ ብላችሁ አስቡት። በዚያ ሥርዓት ከአንደኛ እስከ አራተኛ ክፍል አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት ያስተምር ነበር። ስለዚህ በየገጠሩ ያለ፣ ሒሳብና አካባቢ ሳይንስ ሊያስተምር የተቀጠረ መምህር አንድ ቀን ጠዋት ሳይጠየቅ የእንግሊዝኛ መምህር ሆኖ ተነሣ። ፖሊሲ በአንድ ሌሊት ይጸድቃል፤ ጆሮ በአንድ ሌሊት አይሠራም። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመምህራን ትምህርት ሥርዓቱ ሲከለስ፣ ለመምህራንም የእንግሊዝኛ ማሻሻያ ሥልጠና ሲታወጅ፣ በየዩኒቨርሲቲው የቋንቋ ማሻሻያ ማዕከል ሲከፈት የተሞከረው ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነበር።

በዚያ ላይ የምልመላው ነገር አለ። በአሥር ሲደመር ሦስት ዘመን፣ መምህር ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ሦስት ዓመት ሠልጥኖ ይወጣ በነበረበት ጊዜ፣ የአሥረኛ ክፍል ፈተና ወስዶ ለመሰናዶ የሚበቃ ውጤት ያገኘው ወደ መሰናዶ ያልፍ ነበር፤ ላላገኘው ከሚቀሩት አማራጮች አንዱ የመምህራን ኮሌጅ ነበር። እንግሊዝኛ ያስቸገረውን ልጅ ወስደን የእንግሊዝኛ መምህር አደረግነው፤ እሱ ያስተማረው ልጅ እንግሊዝኛ አስቸገረው፤ እሱም በተራው ኮሌጅ ገባ። ይህን የምጽፈው መምህራኑን ለመውቀስ አይደለም። ከእነሱ መካከል በራሳቸው ጥረት፣ በራዲዮና በተገኘው መጽሐፍ ሁሉ ቋንቋውን የገሩ አውቃለሁ።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ደግሞ መፍትሔው ከሳተላይት መጣ። ፕላዝማ! ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተቀረጸ ትምህርት በየሁለተኛ ደረጃው ክፍል ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ስክሪን ይተላለፍ ጀመር። በዚያ ዘመን የተማረ ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። ፕላዝማዋ ፈጥና ትናገራለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ሰከንዶች ትሰጣለች፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስላት «ቬሪ ጉድ» ብላ ትቀጥላለች። መምህሩ ጥግ ላይ ቆሞ ከመግቢያና ከመውጫ ደቂቃዎች በቀር አፉን አይከፍትም። ጥሩ ድምፅ ወደ ክፍል ማስገባት በራሱ የተጠላ ሐሳብ አልነበረም። የተዘነጋው ድምፁ የልጁን ድምፅ አለመስማቱ ነው። ጆሮ የሚሠራው ሰምቶ፣ ሞክሮ፣ ተሳስቶ፣ የተሳሳተበትን አንድ ሰው ሲያሳየው ነው፤ ስክሪኑ የመጀመሪያውን ብቻ አደረገ።

የትምህርት ሶሺዮሎጂ ሊቅ ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 በጻፈው መጽሐፍ ያነሣው ነጥብ እዚህ ላይ ይገባል። ሐኪም ለመሆን የሚማር ሰው የሐኪምን ሥራ ለረጅም ጊዜ ሲመለከት አልኖረም፤ መምህር ለመሆን የሚማር ሰው ግን ኮሌጅ ከመግባቱ በፊት አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ መምህራን ሲያስተምሩ እያየ ነው የኖረው። የኛዋ እጩም ይህን ታሪክ ተሸክማለች። በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ያየችው መምህሩ ሰሌዳ ላይ ሕግ ሲጽፍ፣ በአማርኛ ሲያብራራ፣ ባዶ ቦታ ሙሉ ሲል ነው። ኮሌጁ በሦስት ወይም በአራት ዓመት «ተማሪ ተኮር» ይላታል፤ በ«ተማሪ ተኮር» ዙሪያ የጽሑፍ ፈተና ይፈትናታል። እሷም በጽሑፍ ታልፋለች። የመጀመሪያው ዓመት መምህርነቷ ላይ፣ ሰባ ልጅ ዓይን ዓይኗን ሲያይ፣ ከኮሌጁ ማስታወሻ ይልቅ ያ የአሥራ ሁለት ዓመት ትዝታ ቀድሞ ይደርስላታል።

ፈተናውም አያግዛትም። አገር አቀፉ የእንግሊዝኛ ፈተና ምርጫ የሚጠቆርበት ወረቀት ነው፤ አፍ አይፈተንም፣ ጆሮም አይፈተንም። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ ውጤቱ ሲገለጥ ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ፤ በቀጣዩ ዓመት 3.2 በመቶ። አገር ደነገጠ። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ጦርነቱም ኮቪዱም አሉበት። ነገር ግን ፊዚክሱም ባዮሎጂውም የሚጠየቀው በእንግሊዝኛ መሆኑን እያወቅን የእንግሊዝኛን ጉዳይ የእንግሊዝኛ መምህር ብቻ አድርገን ማየታችን ይገርመኛል።

ገላን ይህን በመሬት ላይ ያሳያል። በ1986ቱ ፖሊሲ ዘመን አዲስ አበባ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንሱን ወደ እንግሊዝኛ ቀየረች፤ ኦሮሚያ ደግሞ እስከ ስምንተኛ በአፋን ኦሮሞ አስተምሮ ከዘጠነኛ ቀየረ። ገላን የሚለውን ስም ሁለቱም ወገን ይጠቀሙበታል፤ ኮንዶሚኒየሙ በአዲስ አበባ አቃቂ ቃሊቲ ሥር ሲሆን ሌላው ገላን በኦሮሚያ በኩል ነው። ስለዚህ በእግር በሚደረስ ርቀት ውስጥ አንዱ ልጅ በአሥራ ሦስት ዓመቱ ስለ ፎቶሲንተሲስ በእንግሊዝኛ ሲያነብ፣ ሌላው ሁለት ተጨማሪ ዓመት በገዛ ቋንቋው ያስብበት ነበር። የትኛው ይጠቅማል የሚለው ክርክር ረጅም ነው። እኔ ወደ ሁለተኛው አደላለሁ፦ በመጀመሪያ ቋንቋው አንብቦ መረዳት የተማረ ልጅ ችሎታውን ይዞ ወደ ሁለተኛው ይሻገራል፤ ያልተማረ የሚሻገርበት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2010 በተደረገ የንባብ ምዘና ከሦስት የሁለተኛ ክፍል ልጆች አንዱ ያህል በአፍ መፍቻ ቋንቋው አንድ ቃል እንኳ ማንበብ አልቻለም ነበር። ለዚህ ልጅ የእንግሊዝኛ መምህሩ ምን ያድርግለት?

አንድ ነገር ግን አለ፣ ከውጭ መማከር የማያስፈልገው። በዚህች አገር ማንም በቤቱ የማይናገረውን ቋንቋ ለዘመናት ስናስተምር ኖረናል፤ ግእዝን። በአብነት ትምህርት ቤት ልጁ ፊደል ቆጥሮ ወደ ንባብ ሲያልፍ አንዱን ጽሑፍ በግእዝ ንባብ ቃል በቃል፣ በውርድ ንባብ እያስኬደ፣ በቁም ንባብ ደግሞ አቀላጥፎ ያነበዋል። ቃሉ የት እንደሚነሣና የት እንደሚወድቅ ስም አለው፤ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ሰያፍ፣ ተጣይ። ያለቦታው ያነሣ ልጅ ወዲያው ይታረማል፤ የኔታ ዓይናቸው ባያይ እንኳ ጆሯቸው አይሳሳትም። ደግሞ አንድ እርከን የቀደመው ልጅ ኋላ የመጣውን ያስቀጽላል፤ ማስተማርን የሚማረው እያስተማረ ነው። የትኛውም የፕራክቲከም፣ የትምህርት ቤት ልምምድ፣ መመሪያ ከዚህ የራቀ ነገር አይልም።

ጉድለቱን አልሸሽግም። ዳዊትን ከዳር እስከ ዳር ደግሞ ትርጉሙን የማያውቅ ስንት አለ! በትሩም አይረሳም። ግን እንግሊዝኛ ውስጥ «ሪኮርድ» የሚለው ቃል ፊቱ ሲነሣ ስም፣ ኋላው ሲነሣ ግሥ እንደሚሆን ለማስረዳት የምትጨነቅ መምህርት፣ ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን በስም ለይቶ የሚያስተምር ባህል ከቤቷ አጠገብ እንዳለ ማንም አልነገራትም። አማርኛም «ገና» ሲላላ ጊዜ፣ ሲጠብቅ በዓል መሆኑን እያሳየ ጠብቆና ላልቶ የሚሉ ቃላት ሰጥቷታል። ይህ ሁሉ ለእንግሊዝኛ ትምህርት የተዘጋጀ መሣሪያ ሆኖ መጋዘን ውስጥ ተቆልፎበታል።

ፊደላችን ከማጥበቅና ከማላላቱ በቀር እንደተጻፈ ይነበባል፤ ልጁም እንግሊዝኛው እንዲሁ ይመስለዋል። ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የተባሉት አራት ፊደላት ተከታትለው ሲጻፉ «ኢናፍ» ላይ «አፍ» ይሆናሉ፣ «ስሩ» ላይ «ኡ»፣ «ዞው» ላይ ደግሞ «ኦው»። እጩ መምህር ይህን ለሕፃን ስታስረዳ ይቅርታ ልትጠይቅበት ይገባል እላለሁ፤ ጥፋቱ የልጁ አይደለምና።

ወደ ብሎኩ እንመለስ። እጩዋ ለፕራክቲከም አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተመድባ ወር ያህል ትመለከታለች፣ ትረዳለች፣ ጥቂት ክፍለ ጊዜ ታስተምራለች። ሞልታ የምታስረክበው ቅጽ ብዙ ነው። እኔ ብጠየቅ በዚያ ወር ከቅጾቹ ግማሹን አስቀርቼ አንድ ደብተር እሰጣት ነበር። በግራ ገጹ ልጁ ያለውን ስህተት እንዳለ ትጽፋለች፤ በቀኝ ገጹ ልጁ በቤቱ ቋንቋ ምን ብሎ አስቦ ሊሆን እንደሚችል። «ዲድንት ዌንት» በግራ፣ «አልሄድኩም» በቀኝ። «ቦጥ» በግራ፣ የቁቤው «ጥ» በቀኝ። አፋን ኦሮሞ የማታውቅ ከሆነ የምታውቀውን ልጅ ትጠይቃለች፤ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ መምህሩን ያስተምራል። ሠላሳ ገጽ ከሞላች ለራሷ ክፍል የሚሆን መጽሐፍ ጽፋለች።

ለጆሮዋም ልምምድ አለ፤ ገንዘብ አይጠይቅም። ጓደኛዋ ጀርባዋን ሰጥታ መርከቡን ወይም በጉን ትጠራለች፤ እሷ ሥዕሉን ታነሳለች። መጀመሪያ ላይ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አይሻልም። ቦታ ይቀያየራሉ። በስልክ ላይ ያለ መዝገበ ቃላት ዳኛ ይሆናል፤ ድምፁን ያሰማልና። ይህን የሚያደርጉ እጩዎች በየቀኑ አሥር ደቂቃ ከበቂ በላይ ይሆናቸዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከግማሽ በላዩን፣ ከወር በኋላ አብዛኛውን መለየት ይጀምራሉ ብዬ አስባለሁ፤ አፉ ደግሞ ቀስ እያለ ይከተላል።

ማታ ነው። መብራት ጠፍቶ ተመልሷል። እጩዋ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች፤ ስቱዲዮ ቤታቸው ውስጥ ሰው በዝቷል። ከመጀመሪያው ፎቅ በር ያ የኬጂ ልጅ ይሰማል፤ ኤስ ላይ ደርሷል። «ኤስ ፎር ሺፕ!» ይላል። እናቱ «ጎበዝ!» ትላለች።

እጩዋ ብዕሯን አንሥታ በግራው ገጽ ላይ ልትጽፍ ስትል ቆመች። ከዚያ ወርዳ በሩን አንኳኳች፤ መጽሐፉ ላይ ያለው ሥዕል የትኛው እንደሆነ ልታይ።